ሚስስ ሞራግን የጠየቁት ሽማግሌዎች

ጋሽ ገረመውንና ሚስስ ሞራግን የዳርኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሙሽሮቹ ስለ ሠርጋቸው የሰሙት ከእድምተኛው በኋላ መሆኑን አልክድም፤ እሱን ግን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

የነገሩ መነሻ አካፋ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ከነበረው ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት የሚስስ ሞራግ ደጅ ይታያል። ያን ዓመት በረዶ በጣለ ቁጥር፣ እኔ ቁርሴን እየበላሁ ሳይ፣ ጋሽ ገረመው ከኤርፖርት የሌሊት ሺፍታቸው ይመጡና ቫናቸውን አቁመው፣ አካፋቸውን አውርደው የሴትዮዋን ደጅ ይጠርጋሉ። ከደረጃው እስከ መንገዱ ጥርት አድርገው፣ ጠርዙን በአካፋው ጀርባ መታ መታ አድርገው፣ ጨው በትነውበት ይሄዳሉ። ሦስት ቤት አልፎ ያለው የራሳቸው ደጅ ግን በረዶው እንደተቆለለ ነው። ጋሽ ገረመው ሚስታቸው ከሞቱባቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሚስስ ሞራግም ባላቸውን ቀብረዋል። ሁለትና ሁለት መደመር ደግሞ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ።

አካፋው ቅጣት እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ጋሽ ገረመው ከአንድ የክርስትና ድግስ በኋላ የሰፈሩን አዳራሽ የኋላ በር ሳይዘጉ ሄደው ቧንቧው በብርድ ፈነዳ። የአዳራሹ ኃላፊ ሚስስ ሞራግ ሲጠይቋቸው ደግሞ ይቅርታ በመጠየቅ ፋንታ፣ "እኔ የእርስዎ ዘበኛ ነኝ እንዴ?" ብለው በሰው ፊት ጮኹባቸው። የእኛ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈረዱ፤ በረዶው እስኪያልቅ ድረስ የሴትዮዋን ደጅ ይጥረጉ ተባለ። ካልጋሪ ውስጥ በረዶው እስኪያልቅ ማለት ስንት ወር እንደሆነ ፈራጆቹ አሳምረው ያውቁ ነበር።

ስለ አዳራሹ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬም ስለ እሱ የሚጨቃጨቅ አይጠፋም። ከሆኪ ሜዳው ጀርባ ያለ፣ በብሎኬት የተሠራ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉን የሰም ሽታ የማይለቀው ቤት ነው። ንብረትነቱ የከተማው ነው። የሚያስተዳድረው ግን የሰፈሩ ማኅበር፣ ማለትም ከሥራ በተረፈ ሰዓታቸው በነጻ የሚያገለግሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ጧት እናቴ ሸዋወርቅ ለሠላሳ ምናምን ልጆች እዚያ ፊደል ታስተምራለች። እሑድ ጧት ጴንጤዎቹ ይዘምሩበታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኦርቶዶክሶቹ የጽዋ ማኅበር ይገባል። በመካከሉ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ወንበር ያላስተካከለው ማን እንደሆነ ይጣላሉ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶ የተቀመጥነውም እዚያ ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው ሚስስ ሞራግ ቁልፉን ይዘው መጥተው ወንበር ደረደሩ። "ለስንት ቀን ነው የምትፈልጉት?" አሏት እናቴን። ሦስት ቀን አለቻቸው። ሦስቱንም ቀን፣ አንድ ቃል ሳይገባቸው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ። እናቴ ይህን አልረሳችም።

ያ ቤት ነው እንግዲህ ሊዘጋ የነበረው። ሚስስ ሞራግ ዘጠኝ ዓመት የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነው ደክሟቸዋል፣ ጉልበታቸውም አልታዘዝ ብሏል። በመጋቢቱ ዓመታዊ ስብሰባ አስረክቤ ሬድ ዲር ከተማ ልጄ ጋ እገባለሁ ብለው ቆርጠዋል። የሚተካቸው የለም። እናቴ ፈቃደኛ ናት፤ ግን ደንቡ ዓመት ያልሞላው አባል ፕሬዚዳንት አይሆንም ይላል፣ እሷ የተመዘገበችው ደግሞ በኅዳር ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከተማው ደንቡን ስላጠበቀው፣ ፕሬዚዳንት ካልተመረጠ፣ ወይም ለስብሰባው አርባ ሰው ካልተገኘ፣ ማኅበሩ ይፈርሳል፣ ቁልፉም ለከተማው ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልገን ነበር፤ የሚስስ ሞራግ አንድ ዓመትና አርባ ሰው።

ይህን ሁሉ ዛሬ አሳምሬ አወራዋለሁ እንጂ ያኔ እኔ ጋ የደረሰው ከወጥ ቤት ያመለጠው ብቻ ነው። አንድ ምሽት ጋሽ ታደገ መጡ። አዲስ አበባ መምህር የነበሩ፣ እዚህ መጋዘን የሚሠሩ፣ የጴንጤዎቹ ሽማግሌ ናቸው።

"ትናንት ኮል አድርጌላቸው ነበር፣ ጋሼ" አለች እናቴ። "ዲሳይድ አድርጌያለሁ ነው የሚሉት።"

"እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይጠየቃል እንዴ፣ ሸዋዬ? ሽማግሌ እንላክ እንጂ!"

"ሚስስ ሞራግ ላይ? እሺ የሚሉ ይመስልዎታል?"

"ቆመን እንጠይቃለን። የቆመ ሽማግሌ ባዶ እጁን የመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።"

"ጋሽ ገረመውስ?"

"እሱ ቫኑን ይንዳ። ቤት ግን እንዳይገባ።"

ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በገና ሰሞን፣ ሳድል ሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ የአክስቴ ልጅ ምሥራች ስትጠየቅ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አንድም ሳያመልጠኝ አይቻለሁ። ሦስት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ይመጣሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም። የልጅቷ አባት መጀመሪያ "የምትዳር ልጅ የለንም" ይላል፤ ማንም አያምነውም። ከዚያ እሺ ይባላል፣ እልል ይባላል፣ ይበላል። ያቤጽ፣ ያ የሚያገባት ልጅ፣ ያን ዕለት ቤት አልገባም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ሲበላ በመስኮት አይቼዋለሁ። እና ጋሽ ገረመው ቤት እንዳይገቡ ሲባል ምን ላስብ ነው?

በየካቲት በአንድ እሑድ፣ ብርዱ አፍንጫ በሚነክስበት ቀን፣ ሄድን። ጋሽ ታደገ ከጴንጤው፣ አንድ ጺማቸው የነጣ መሪጌታ ከኦርቶዶክሱ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም ስላልሆኑ ለሚዛን የተጨመሩ ጋሽ ማኑ። እናቴ አስተርጓሚ ናት፤ እኔን የሚይዘኝ ስለጠፋ ተጎተትኩ። ጋሽ ገረመው ሱፍ ለብሰው፣ ሽቷቸው ቫኑን ሞልቶት፣ ሞተሩን ሳያጠፉ መሪው ላይ ቀሩ። ሱፉ ከቤተ ክርስቲያን ስለመጡ ነው። እንዳይገቡ የተደረጉትም ሴትዮዋ ሲያዩአቸው ቧንቧው ትዝ እንዳይላቸው ነው። እኔ ግን በመስኮቱ እጄን አውለብልቤላቸው በርቱ አልኳቸው።

የሚስስ ሞራግ ቤት የተጠበሰ ዳቦ ይሸታል። ግድግዳው ላይ አሸዋው ነጭ የሆነ የባሕር ዳርቻና ሁለት ቤት የሚታይበት ፎቶግራፍ አለ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። የመሪጌታ ካልሲ አውራ ጣቱ ጋ ተቀድዷል።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ ሚስስ ሞራግ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ ነኝ በአማርኛ የምነግራችሁ።

"ደጅዎ መጥተን ቆመናል" አሉ ጋሽ ታደገ። "የምንለምንዎት ነገር አለ። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።"

እናቴ ተረጎመች። ሚስስ ሞራግ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌዎቹን አዩ። "ምን ሆነው ነው፣ ሸዋ? ጉልበታቸውን ነው የሚያማቸው?"

"አይ፣ የማይቀመጡት አክብረውዎት ነው።"

"አንድ ዓመት ብቻ" አሉ ጋሽ ታደገ። "ከእኛ ጋር አንድ ዓመት ይቆዩልን።"

አንድ ዓመት ብቻ የሚባል ጋብቻ ሰምቼ አላውቅም። ግን ሁለቱም አርጅተዋል፣ ይበቃቸዋል ብዬ ተውኩት።

"አልችልም" አሉ ሚስስ ሞራግ። "ደክሞኛል። ነግሬሻለሁ እኮ፣ ሸዋ።"

አልደነገጥኩም፤ የምሥራች አባትም መጀመሪያ እንዲህ ነበር ያሉት። ሽማግሌዎቹም ንቅንቅ አላሉም። ወጥ ቤት ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያው ፉጨቱን ለቀቀ፣ የሚያነሣው ጠፋ። እናቴ ሄዳ አጠፋችው። ሚስስ ሞራግ ዓይናቸውን ከሽማግሌዎቹ እግር ወደ ግድግዳው ፎቶግራፍ አዞሩ።

"ያ የተወለድኩበት ነው" አሉ። "ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ያለ ደሴት ነው። ሰማንያ ሰው፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ አዳራሽ። ሹሞቹ የሚቀመጡት ከባሕሩ ማዶ ነው። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤታችሁን ልንዘጋ ነው ብለው በመርከብ መጡ። አባቴ ከዋዜማው ጀምሮ የሰማንያውንም ሰው በር ሲያንኳኳ አደረ። ሰው ካልመጣ ይወስዱታል፣ ሰው ከመጣ ያፍራሉ ይል ነበር። ሁሉም መጣ፣ ትምህርት ቤቱም አልተዘጋም።" መነጽራቸውን አወለቁ። "እዚህ ዘጠኝ ዓመት ስብሰባ ስጠራ አሥራ አንድ ሰው ነው የሚመጣልኝ። ልለቅ ነው ስል አንድም ሰው ቆዩ አላለኝም። እናንተ ግን መጣችሁ፤ ያውም ቆማችሁ።"

እና አለቀሱ። ሙሽራ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ፣ ምሥራችም አልቅሳለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ቆዩልን" የሚል ቃል የጠበቀ ሰው ልቅሶ መሆኑን ለማወቅ እኔም ቆይቼ ማርጀት፣ ቢያንስ መድከም ነበረብኝ።

"እሺ፣ አንድ ዓመት" አሉ በመጨረሻ። "አሁን በእግዚአብሔር ተቀመጡ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።"

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ወደ ቫኑ በረርኩ። "እሺ አሉ! እሺ አሉ፣ ጋሼ!"

ጋሽ ገረመው አማተቡ፣ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉ። "ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!" ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሴትዮዋ ለቀው ቤቱ ቢዘጋ በእኔ ቧንቧ ነው እያሉ ሁለት ወር እንቅልፍ አጥተው ነበር።

"መቼ ነው ታዲያ?" አልኳቸው።

"መጋቢት ላይ፣ ሐሙስ ማታ፣ እዚያው አዳራሹ ውስጥ።"

"ሰው ይመጣል?"

"እሱ ነው የኔ ጭንቀት፣ ናሆሚዬ። አርባ ሰው ካልሞላ ሁሉም ከንቱ ነው።"

እንግዳ የሌለበት ሠርግ! የዚያን ሳምንት እናቴ ስልክ ላይ ተተክላ ዋለች። ሰው ሁሉ "እሺ፣ እንመጣለን" ይላታል፣ የማይመጣ ሰው በሚልበት ድምፅ። አንዱ ሺፍት አለኝ ይላል፣ አንዷ ልጄ ያስለዋል ትላለች።

"ስብሰባ ያልሽ ዕለት ነው የጠፋብሽ" አሏት ጋሽ ታደገ። "እኛ እኮ ስብሰባ ሲባል ቀበሌ ነው ትዝ የሚለን። ኮታችንን አንሥተን የምንሸሽ ሰዎች ነን።"

ቅዳሜ ፊደል ትምህርት ላይ፣ ከኮት መስቀያው ጀርባ፣ ለጓደኛዬ ለሄቨን ነገርኳት።

"ኦ ማይ ጋድ" አለች። "ላይክ፣ ሪል ሠርግ?"

"ሽማግሌ ሲላክ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ምስጢር ነው።"

የሄቨን እናት ሳምሪ፣ አቢዴል በሚባለው ሰፈር፣ ቤቷ ቤዝመንት ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ሳምሪ ጋ የገባ ወሬ ፀጉሩ ሳይደርቅ ሳድል ሪጅ ይደርሳል። እውነት ነው ወይ ብሎ እናቴን የጠየቀ ሰው ለምን እንዳልነበረ ኋላ ስሰማ፣ "ሠርጉ የተደበቀው የጋሽ ገረመው ልጆች ሰምተው እንዳይከለክሉ ነው" ተብሎ ተጨምሮበት ኖሯል። ያንን እኔ አላልኩም። ሳምሪ ደግሞ የወገኗን ጠባይ ስለምታውቅ፣ በፈረንጅ ሰዓት ለማታው ሰባት ጉዳይ ሁሉንም ለአምስት ሰዓት ጠርታቸዋለች።

ሐሙስ ደረሰ። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ የበረዶው ውሃ ከጣሪያው ይንጠባጠባል። አዳራሹ ውስጥ ስድሳ ወንበር ተደርድሯል። ሰባት ሰዓት ሲሆን የተቀመጡት አሥራ ሰባት ናቸው፤ የዘወትሮቹ አሥራ አንድና የእኛ ስድስት። ከከተማው የተላከ ትሑት ወጣት ወረቀቱን አስተካክሎ፣ ደንቡ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ እንደሚፈቅድ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ማኅበሩ እንደፈረሰ እንደሚቆጠር እያፈረ ተናገረ። ሚስስ ሞራግ ቃለ ጉባኤ የሚጽፉበትን ሰማያዊ መዝገብ ከፍተው እሱንም ጻፉ። ስብሰባ ላይ የተባለውን ሁሉ ይጽፋሉ። ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም ባይ ናቸው።

ከሩብ ሆነ። እናቴ ወንበሮቹን በዓይኗ ትቆጥራለች፣ መልሳ ትቆጥራለች። ሃያ አለፈ። ጋሽ ታደገ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ገረመው በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ያሻሉ። ከሁሉ የተረጋጋሁት እኔ ነበርኩ፤ የሐበሻ ሠርግ ላይ በሰዓቱ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅማ።

"እማዬ፣ አትጨነቂ። ይመጣሉ።"

ሳታየኝ ራሴን ዳበሰችኝ። እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ሃያ አምስት አለፈ። ወጣቱ እስክሪብቶውን ከደነ። እናቴ ተነሥታ ወደ ሚስስ ሞራግ ሄደች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለቻቸው፣ "በከንቱ አስቀረሁዎት።" ለሦስት ቀን ለቅሶ የተቀመጠችበትን ጥግ እያየች ነበር።

ያኔ የመኪና መብራት በመስኮቶቹ ላይ አለፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ማቆሚያው ሁሉ መብራት ሆነ።

መጀመሪያ የገባችው ሳምሪ ናት፣ ከወፍራም ጃኬቷ ስር የሐበሻ ቀሚሷ እየታየ፣ ድፎ ዳቦ ተሸክማ። ከኋላዋ አቢዴል ገባ። ከአቢዴል ኋላ ሳድል ሪጅ ገባ። ጴንጤው ከእነመዘምራኑ፣ ኦርቶዶክሱ ከእነነጠላው፤ ትሪ የያዘ፣ አበባ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ። አንድ ጎረምሳ "ኪቦርዱን የት ልሰካው?" እያለ ገባ። ወንበር አለቀ፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ወጣቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። እትዬ ፀሐይ የሚባሉ፣ ሁሉን አንተ የሚሉ አሮጊት፣ ጋሽ ገረመውን አንገታቸውን አቅፈው ሳሟቸው። "እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ! ብቻህን ስትውል አንጀቴን ትበላው ነበር!"

"ምን ሆንኩና ነው?"

"አታፍርም? ሙሽራ አይደለህ!"

"ማን? እኔ? ማንን?!"

ጋሽ ታደገ ማይኩን ያዙ። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። "ወገኖቼ፣ ሠርግ የለም።"

እኔ ፈገግ አልኩ። መጀመሪያ የለም ነው የሚባለው።

"ማን እንዳስወራው አላውቅም። እውነቱ ግን ይሄ ነው። ይህ ቤት ዛሬ ባለቤት ካላገኘ ነገ ይዘጋል። ሚስስ ሞራግን ጠይቀናል፣ አዎ። የጠየቅናቸው ለገረመው ሳይሆን ለሁላችን ነው። እሳቸው እሺ ብለዋል። የቀረው የእናንተ እሺታ ነው።"

"ስብሰባ ነው እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ወደ በሩ እያፈገፈገ። ሁለት ሦስት ሰው ተከተለው።

እትዬ ፀሐይ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ መቱት። "ወዴት ነው? የዚህችን ልጅ አባት የት ነው ያለቀስነው? ልጅህ ሀ ሁ የት ቆጠረ? ለሠርግ ለብሼ ወጥቻለሁ፣ ሳልፈርም አልገባም! እስክሪብቶ አምጡ!"

ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። ደንቡ አዳራሹን የሚጠቀም ሁሉ በዕለቱ ፈርሞ አባል እንዲሆን ይፈቅዳል። ፎርሙ አለቀና በናፕኪን ጀርባ ተፈረመ። ከዚያ ሚስስ ሞራግ ተነሡ። ለአንድ ዓመት ይቀጥሉ የምትሉ ተባለ፣ እናቴ ተረጎመችው፣ እጅ ብቻ ሆነ። እኔ ሁለቱንም አነሣሁ። ወጣቱ ቆጠረ፣ ጠፋበት፣ እንደገና ቆጠረ። የሚቃወም ተባለ፤ የውሃ ጠብታ ብቻ ተሰማ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እናቴ ምክትል ሆና በዚያው ተመረጠች። ከለቅሶው ወዲህ ያን ቤት ውስጥ ስትስቅ ያየኋት የዚያን ቀን ነው፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። ያን ቤት አተረፍነው! እኔ ደግሞ የእኔው ሥራ መሆኑን ሳላውቅ ጮቤ ረገጥኩ።

"ሌላ ጥያቄ ያለው?" አሉ ሚስስ ሞራግ እንደ ደንቡ። እጄን አወጣሁ። ስጠይቅ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሚስስ ሞራግ ግን አልሳቁም። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ፣ መዝገቡ ላይ ረዘም አድርገው ጻፉ፣ ከዚያ ለኪቦርዱ ልጅ በራሳቸው ምልክት ሰጡት። ጋሽ ገረመው እስክስታ ወረዱ። ሚስስ ሞራግ በማይታጠፍ ጉልበታቸው የደሴታቸውን እርምጃ ረገጡ። ተጋቡ አልኩ በልቤ።

ለሦስት ዓመት እንደዚያው አመንኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ እናቴን፣ "ጋሽ ገረመው ለምንድነው ሚስታቸው ቤት የማያድሩት?" ብዬ ስጠይቃት መኪናውን ዳር አስያዘች። ሳቋ እስኪያልቅላት ብዙ ቆየን።

አንድ ዓመቱ አልቆ እናቴ ፕሬዚዳንት ስትሆን ሚስስ ሞራግ ሬድ ዲር አልሄዱም። "ጸሐፊ የላችሁም" ብለው አምስት ዓመት ጻፉ። ጋሽ ገረመውም ቅጣታቸውን ከጨረሱ በኋላ ያን ደጅ መጥረጋቸውን አልተዉም፤ ምክንያቱን የጠየቃቸው የለም።

ባለፈው መጋቢት እኔን መረጡኝ። ስብሰባ ብለን ጠርተን፣ ስብሰባ መሆኑን እያወቀ፣ ሁለት መቶ አሥር ሰው መጣ። ሰው ሲበተን የብረቱን ቁም ሳጥን ከፍቼ ሰማያዊውን መዝገብ አወጣሁ። ያ ሐሙስ በሚስስ ሞራግ የተስተካከለ ጽሕፈት እንደዚያው አለ። የሚያስፈልገው አርባ፣ የተገኘው አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት። ከታች፣ ከፊርማቸው በላይ፣ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

"ወይዘሪት ናሆሚ፣ ዕድሜ ስምንት፣ ጭፈራው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀች። አሁኑኑ እንዲጀመር ተወሰነ። የተቃወመ የለም።"